«እንዴት አደራችሁ?» የደህንነት ጥያቄ ነው

ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ሕንፃ ሲሠራ ለሁለት ዓመት ገደማ ስቶር ኪፐር ነበርኩ። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ የስቶሩን በር ከፍቼ ሄልሜት፣ ጓንትና የደህንነት ቀበቶ አድላለሁ። ማታ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ቆጥሬ እረከባለሁ። መዝገቤ አራት ዓምድ ነበረው፤ ስም፣ የወሰደው ዕቃ፣ የመለሰበት ሰዓት፣ ፊርማ። በዚያ መዝገብ እኮራ ነበር። አንድም ሰው ያለ ሄልሜት ሥራ አይገባም።

አንድ ቀን፣ ዐቢይ ጾም ውስጥ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ አንድ ወጣት አናጢ ከባህር ዛፉ መወጣጫ ላይ ወደቀ። ከፍታው አንድ ፎቅ ያህል ነው። ሄልሜቱ ጭንቅላቱ ላይ ነበር፤ እሱ ነው ነፍሱን ያተረፈው። ዳሌውና የግራ እጁ ግን ተሰበረ። ቃሬዛ የሚባል ነገር ሳይቱ ላይ ስላልነበረ ጓደኞቹ ሲሚንቶ የተጋገረበት ባሬላ ላይ አስተኝተው በፒክአፕ ወሰዱት።

ማታ የአደጋው ሪፖርት ተሞላ። «የደህንነት ትጥቅ አድርጎ ነበር?» የሚል ጥያቄ አለው። መዝገቤን ገልጬ «አዎ» አልኩ፤ ፈረምኩ። ከታች «የጥንቃቄ ጉድለት» ተብሎ ተጻፈና ፋይሉ ተዘጋ።

ሪፖርቱ ያልጠየቀው ግን ብዙ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ሌሊት የሶሌታ፣ ማለትም የፎቅ ወለል ኮንክሪት፣ ሙሌት ነበር። ሙሌት ከተጀመረ አይቆምም፤ ልጁ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ድረስ ቆይቷል። ቤቱ ዓለም ባንክ አካባቢ ነው። ትንሽ አሸልቦ ለታክሲ ሰልፍ ተነሣ። እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ስለሚጾም ከማታው ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ጠዋት ለጓደኛው «ዓይኔ ብዥ ብዥ እያለብኝ ነው» ብሎት ነበር። ጓደኛውም «ለፎርማኑ ንገረው» ብሎታል።

አልነገረውም። ከወራት በኋላ ቤቱ ሄጄ ስጠይቀው ምክንያቱን በአራት ቃል ነገረኝ። «ብናገር ቀኔ ይቆረጣል እኮ።»

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚያች መልስ ምክንያት ነው። በዚህች ከተማ መሀል፣ ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ፣ ከለገሃር እስከ ሰንጋ ተራ፣ በየአቅጣጫው ሕንፃ እየወጣ ነው። በየአጥሩ ላይ «ሴፍቲ ፈርስት» የሚል ሰሌዳ አለ። በየመሥሪያ ቤቱ ደግሞ ስለ «ዌልነስ»፣ ማለትም ስለ ሠራተኛው የአካልና የአእምሮ ጤንነት፣ ማውራት ተጀምሯል። ሁለቱን የሚመራው ክፍል ግን ለየብቻ ነው። ሴፍቲ የመሐንዲሱ ነው። ዌልነስ የሰው ኃይል አስተዳደሩ ነው። በጀቱም፣ ስብሰባውም፣ ሪፖርቱም ለየቅል ነው። የወደቀው ልጅ ግን አንድ ነው። እንቅልፍ ያጣው ጭንቅላትና ሄልሜት ያደረገው ጭንቅላት የአንድ ሰው ነው።

ቋንቋችን ይህን ያውቃል። «ደህንነት» የምንለው «ደህና» ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ደህና ሰው ማለት ያልተሰበረ ብቻ አይደለም። የበላ፣ የተኛ፣ ልቡ ያረፈ ሰው ነው። «ደህና አደራችሁ?» ስንል የምንጠይቀው ሁሉንም ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ ስንገባ ቃሉን ለሁለት ሰነጠቅነውና ግማሹን ለአንዱ ክፍል፣ ግማሹን ለሌላው ሰጠን። እኔ የምለው፣ መልሰን እንግጠመው ነው። ይህን የምለው ለሰው ከማዘን ብቻ አይደለም። ሥራም የሚፈጥነው እንዲያ ሲሆን ነው።

ከሰዓቱ እንጀምር። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይላል። ትርፍ ሰዓት ደግሞ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 አይበልጥም። ደምሩት። ሕጉን አክብሮ የሚያሠራ ድርጅት እንኳ አንድን ሰው በሳምንት እስከ 60 ሰዓት ሊያሠራው ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በጋራ ባወጡት ጥናት በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው፣ ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ጋር ሲነጻጸር፣ በስትሮክ የመያዝ ዕድሉ በ35 በመቶ ይጨምራል። በልብ ሕመም የመሞት ዕድሉም በ17 በመቶ ከፍ ይላል። ስለዚህ ትርፍ ሰዓትን እስከ ጣሪያው መጠቀም ሕጋዊ ነው፤ ለሰውነት ግን ደህና አይደለም። የሰው ኃይል ክፍሎች ፔሮል ሲሠሩ ይህችን ልዩነት ልብ ቢሏት እወዳለሁ።

ይህ የረጅም ጊዜው ጉዳት ነው። የዕለቱም አለ። 17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚቀራረብ በጥናት ታይቷል። አሁን ወደ አዲስ አበባ አምጡት። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ተነሥቶ ታክሲ የተሰለፈ ሠራተኛ ትርፍ ሰዓት ገብቶ እስከ ማታ 3 ሰዓት ቢቆይ በትክክል 17 ሰዓት ሞላው። በሩ ላይ ጠጥቶ የመጣ ሠራተኛ ቢያጋጥመን አናስገባውም። ያልተኛውን ግን «ጎበዝ ሠራተኛ» ብለን መወጣጫ ላይ እንሰቅለዋለን።

መንገዱም እየረዘመ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኮሪደር ልማቱና መልሶ ማልማቱ የመሀል ከተማውን መልክ ቀይሮታል። ከካዛንቺስ ተነሥተው ገላን ጉራ የገቡ ቤተሰቦች አሉ። ትናንት በእግሩ አሥር ደቂቃ ተራምዶ ሥራ ይደርስ የነበረ ሰው ዛሬ ሁለት ሦስት ታክሲ ይቀያይራል። ሥራው እዚያው መሀል ከተማ ቀርቷል፤ እንቅልፉ ግን አጥሯል። ብዙ አሠሪዎች ይህን «የግል ጉዳይ» ይሉታል። እኔ ግን መዝገቤ ላይ አምስተኛ ዓምድ ቢኖር ኖሮ መጀመሪያ የምጽፈው እሱን ነበር፤ ስንት ሰዓት ተኛህ?

ሌላ ነገር ልንገራችሁ። ይህችን ለማየት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ አሁንም ያሳፍረኛል።

ሳይታችን ላይ ባሬላ የሚሸከሙ፣ አሸዋ የሚያቀብሉ አሥራ አራት ሴቶች ነበሩ። ስቶሩ አጠገብ የውሃ በርሜል ነበር። ወንዶቹ እየመጡ ይጠጣሉ። ሴቶቹ አይጠጡም። ፀሐይ ሲከርር እንኳ አፋቸውን አርጥበው ይሄዳሉ። መጀመሪያ ልማድ መሰለኝ። አንዲት እህት ቆይታ አስረዳችኝ። ሳይቱ ላይ የነበረው መጸዳጃ በቆርቆሮ የታጠረ፣ በር የሌለው አንድ ጉድጓድ ነበር። ሴቶቹ እሱን ላለመጠቀም ከጠዋት እስከ ማታ ውሃ አይጠጡም። ሲመሽ ቤታቸው ነው የሚጠጡት። ራስ ምታት ዘወትር ነው። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይመላለስባቸዋል። ከሰዓት በኋላ ባሬላ ይዘው ሲወጡ የሚያዞራቸው ለዚህ ነበር።

እንግዲህ ይህ የማን ጉዳይ ነው? የሴፍቲ ወይስ የዌልነስ? መጸዳጃ ቤት በር ማድረግ በየትኛው በጀት ይያዛል? ሁለቱ ክፍሎች ተለያይተው በተቀመጡበት ቤት ይህ ጥያቄ መሀል ላይ ይወድቃል። ሴፍቲው «የኔ ሥራ ሄልሜት ነው» ይላል። ሰው ኃይሉ «ሳይት ላይ አልገባም» ይላል። አንድ በር፣ ጥቂት ቆርቆሮና አንድ መቀርቀሪያ የሚፈታው ነገር ዓመት ይቆያል። ደረጃ ላይ ያዞራት ሴት ብትወድቅ ሪፖርቱ ምን እንደሚል አውቃለሁ። «የጥንቃቄ ጉድለት» ነው የሚለው።

የደህንነት ባለሙያዎች አንድ መሰላል አላቸው። አደጋን የምትከላከልበት ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ አደጋውን ጨርሰህ አስወግድ። ካልተቻለ አነስተኛ አደጋ ባለው ነገር ተካ። ቀጥሎ በግንባታ ወይም በመሣሪያ ሰውንና አደጋውን ለይ፤ ጠርዙ ላይ መከላከያ አድርግ፣ ክፍቱን ጉድጓድ ክደን። ከዚያ የአሠራር ደንብ፣ ፈረቃና ሥልጠና ይመጣል። ሄልሜት፣ ጓንትና ቀበቶ የመጨረሻው ደረጃ ናቸው። ሌላው ሁሉ ቢከሽፍ ነፍስ የሚያተርፉ ናቸው እንጂ መጀመሪያ የሚታሰቡ አይደሉም።

እኛ መሰላሉን ገልብጠን ይዘነዋል። እኔ ቀበቶ አድል ነበር። መወጣጫው ላይ ግን ቀበቶውን የሚያስሩበት አንዳች ነገር አልነበረም። ጠርዙ መከላከያ የለውም። ወለሉ ሁለት ጣውላ ነው፤ ሲረግጡት ይወዛወዛል። ልጁ የወደቀ ቀንም ቀበቶውን ታጥቆ ነበር። ምንም ላይ ያልታሰረ ቀበቶ ነበር።

ያንኑ መሰላል ወደ ቢሮ ውሰዱት። ይሠራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 በሥራ ቦታ የአእምሮ ጤና ላይ መመሪያ ሲያወጣ ትኩረት ከሰጣቸው ነገሮች መካከል ሥራው ራሱ የሚደራጅበት መንገድና የአለቆች ሥልጠና አሉበት። የሥራ ጫና፣ የሰዓት አደላደል፣ ሠራተኛው በሥራው ላይ ያለው ድምፅ ማለት ነው። ግለሰቡን ጭንቀት እንዲቋቋም ማሠልጠን ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን እንደ ሄልሜቱ ነው። ሥራውን ሳታስተካክል ሰውየውን «ጠንክር» ማለት ይሆናል።

ሰንጋ ተራ ካሉት ረጃጅም የባንክ ሕንፃዎች በአንዱ የምትሠራ ጓደኛ አለችኝ። ገንዘብ ተቀባይ ናት። ከውጭ ስታዩት መስታወቱ ያብረቀርቃል። እዚያ ማንም ከመወጣጫ አይወድቅም። እሷ ግን ማታ ሒሳብ ሲዘጋ እጇ ይንቀጠቀጣል። ጉድለት ከመጣ ከደመወዟ ነው። አንድ ጊዜ የገጠማት ጉድለት የወር የቤት ኪራይዋን ሊያክል ጥቂት ነው የቀረው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ብር ሁለቴ ትቆጥራለች። ወረፋው ይረዝማል። ደንበኛ ይጮኻል። ደንበኛ ሲጮህ ደግሞ ትሳሳታለች። ወንበሯ ከፍ ዝቅ ማለት ካቆመ ቆይቷል፤ ወገቧን በሹራብ ደግፋ ነው የምትውለው። መሥሪያ ቤቷ በዓመት አንድ ጊዜ የስፖርት ቀን ያዘጋጃል። እሷም ትወደዋለች፤ ሰው ተቀራርቦ ይጫወታል፣ ይስቃል። ጥሩ ነገር ነው፤ ይቀጥል። ነገር ግን ሰኞ ስትመለስ የሚጠብቃት ያው ወንበርና ያው ፍርሃት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው በድብርትና በጭንቀት ምክንያት በየዓመቱ 12 ቢሊዮን የሥራ ቀን ይባክናል። ኪሳራው ወደ 1 ትሪሊዮን ዶላር ይጠጋል። እነዚህ ቁጥሮች ሩቅ ይመስላሉ። እኔ ግን ስሰማቸው ትዝ የሚለኝ ሁለቴ የሚቆጠረው ብር ነው። አካሉ ቢሮ፣ ልቡ ሌላ ቦታ የሆነ ሰው ሥራ አልቀረም። ፊርማው አለ። ግማሽ ቀኑ ግን የለም። ይህን ኪሳራ የትኛውም የሰዓት መቆጣጠሪያ አሻራ አያሳይም።

አሠሪዎች «ደግ ነገር ነው፤ ግን ገንዘብ የለም» ሲሉኝ እረዳቸዋለሁ። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የፌሮውም የመለዋወጫውም ዋጋ የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። ጨረታ ያሸነፈበት ዋጋ የማያዋጣው ኮንትራክተር ብዙ ነው። ስለዚህ በገንዘብ እናውራ።

ሕጉ በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰበት ሠራተኛ እስከ አንድ ዓመት የሚደርስ ክፍያ እንዲያገኝ ያዛል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ ነው። ቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከደመወዙ ከ75 በመቶ አያንስም። የቀሩት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ አያንስም። ወር 10,000 ብር የሚያገኝ አናጢ ዓመት ቢተኛ 30,000፣ ከዚያ 22,500፣ ከዚያ 30,000 ብር ይሆናል። ድምሩ 82,500 ብር ነው። ሕክምናው ለብቻው ነው። ቋሚ የአካል ጉዳት ከቀረበት ደግሞ ካሣው ይከተላል።

ይህ የሚታየው ወጪ ነው። ያ ልጅ በወደቀ ቀን እኔ ያየሁትን ልጨምር። ሥራው በዚያች ቅጽበት ቆመ። ሦስት ሰዎች ከእሱ ጋር ሄዱ። የቀሩት ተሰብስበው ቆሙ፤ አንዳንዶቹ አለቀሱ። በማግስቱ ስድስት ሰዎች አልመጡም። የመጡትም መወጣጫው ላይ ሲወጡ እጃቸው እንጨቱን አንቆ ይይዛል፤ በአንድ እጅ እየያዙ በሌላው መሥራት ስንት እጥፍ እንደሚዘገይ አስቡት። በእሱ ቦታ የተቀጠረው አናጢ የሥራውን ስልት እስኪይዝ ሳምንት ፈጀ። አንዱን የኮንክሪት ማፍሰሻ ሳጥን በስህተት አስሮት ፈርሶ እንደገና ተሠራ። ያ ሁሉ የተከፈለው ልጁ አንድ የቀን ሒሳቡን ለማዳን ብሎ ጠዋት «ዛሬ ደህና አይደለሁም» ማለት ስላልቻለ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሄደው ሠራተኛው በሕጉ ውስጥ ሲታይ ነው። ብዙው የሳይት ሠራተኛ ግን አይታይም። ዋናው ኮንትራክተር ሥራውን ለንዑስ ይሰጣል። ንዑሱ ለጉልበት አቅራቢ ይሰጣል። አቅራቢው ጠዋት መንገድ ዳር ከቆሙት መርጦ ያመጣል። ውል የለም፣ መታወቂያ ያየ የለም። ሰው ሲወድቅ «የኔ ሠራተኛ አይደለም» የሚለው ቃል ከላይ እስከ ታች ይወርዳል። በቁርጥ የያዘው ደግሞ ቶሎ በጨረሰ ቁጥር ነው የሚያተርፈው፤ መወጣጫውን ለማጠናከር ግማሽ ቀን ማጥፋት ከኪሱ ማውጣት ነው። ለእኔ ከሁሉ የከበደው ችግር ይህ ነው። ሄልሜት ገዝተህ አትፈታውም። ዋናው ኮንትራክተር አጥሩ ውስጥ ላለው ሰው ሁሉ፣ በማንም ስም ይግባ፣ ተጠያቂ መሆኑን ውሉ ላይ ካልጻፈው፣ አሠሪውም መሥሪያ ቤት ክፍያ ሲፈጽም ይህን ካልጠየቀ፣ ከታች ያለነው ምንም ብንል አንደርስም።

የሕግ መነሻ እንደሌለን አናስመስል። ኢትዮጵያ የሥራ ደህንነትና ጤንነትን የሚመለከተውን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155ን እ.ኤ.አ. በ1991 አጽድቃለች። ድርጅቱ በሰኔ 2014 ዓ.ም. ባካሄደው ጉባኤ ደህንነቱና ጤንነቱ የተጠበቀ የሥራ አካባቢን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች ተርታ አስገብቶታል። የእኛም አዋጅ አንቀጽ 92 አሠሪው ስለ አደጋው ሠራተኛውን እንዲያሠለጥን፣ የደህንነት ሠራተኛ እንዲመድብ፣ ኮሚቴ እንዲያቋቁም፣ አደጋን እንዲመዘግብ ያዛል። ስሙን ልብ በሉት፤ «ደህንነትና ጤንነት» ነው የሚለው፤ አንድ ላይ። ሕጉ ያጣመረውን እኛ ነን የለያየነው። ስለዚህ አዲስ የዌልነስ ኮሚቴ ማቋቋም አያስፈልግም። ያለውን ኮሚቴ ማሠራት ነው። ፎርማኑ ይግባበት፣ ከሰው ኃይል አንድ ሰው ይግባበት፣ ባሬላ ከሚሸከሙት አንዲት ሴት ትግባበት። እሷ ባትኖር ስለ መጸዳጃው በር ማን ያነሣል?

ይህ ሥራ ላይ ሲውል ያየሁትን ልናገር። ከዚያ ሳይት ወጥቼ ስታዲየም አካባቢ ሌላ ፕሮጀክት ላይ ገባሁ። እዚያ የነበሩት ፎርማን ጋሽ ነበር የምንላቸው፤ በሥራው ሠላሳ ዓመት የቆዩ ሰው ናቸው። በየጠዋቱ ሠራተኛው ሥራ ሳይጀምር አሥር ደቂቃ ያቆሙናል። ንግግር አያደርጉም። «እንዴት አደራችሁ?» ይላሉ። እኛ እንደ ልማዳችን «እግዚአብሔር ይመስገን» እንላለን። ከሙስሊሞቹም «አልሐምዱሊላህ» ይከተላል። እሳቸው ግን እዚያ ላይ አያቆሙም። «ተመስገን ነው። አሁን ደግሞ እንቅልፍ ያጣ፣ ያመመው፣ ልጅ የታመመበት ማን አለ?» ይላሉ። መጀመሪያ ሰሞን ማንም አልተናገረም። አንድ ቀን አንዱ ፌሮ ሠራተኛ «ጋሼ፣ እኔ ሌሊቱን ከልጄ ጋር ሆስፒታል ነው ያደርኩት» አለ። እሳቸውም መሬት ላይ ሽቦ እንዲቆርጥ አደረጉት። ማታ ሙሉ ቀኑ ተከፈለው። ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ እውነቱን መናገር ጀመረ።

ያ ነው ቁልፉ። እውነት መናገር ቀን የሚያስቆርጥ እስከሆነ ድረስ ማንም እውነት አይናገርም። መጠይቅ ብታድል፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ብታመጣ፣ የሐሳብ መስጫ ሳጥን ብትሰቅል ዋጋ የለውም። መሬት ላይ የሚሠራ ሥራ ሁልጊዜ አለ፤ ሚስማር መንቀል፣ ጣውላ መደርደር፣ ሽቦ መቁረጥ። ያን ቀን ለደከመው ሰው ያን ሥራ በሙሉ ክፍያ መስጠት ድርጅቱን የሚያስወጣው ከሞላ ጎደል ምንም ነው።

ጋሼ በጾም ወራትም አንድ ብልሃት ነበራቸው። ከፍታ ላይ የሚሠራውንና ከባዱን ሸክም ሁሉ ከረፋዱ 5 ሰዓት በፊት ያስጨርሳሉ። ከሰዓት በኋላ መሬት ላይ ያለው ሥራ ይቀጥላል። በረመዳንም እንዲሁ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የአንድ ፕሮጀክት ሁለት ወር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ማለት ነው። ያን ያህል ጊዜ የሠራተኛው ሆድ ባዶ መሆኑን እያወቀ የሥራ ፕሮግራሙን የማይቀይር ድርጅት ሠራተኛውን አያውቀውም። ይህ ሃይማኖት ውስጥ መግባት አይደለም። የቀን መቁጠሪያ ማየት ነው።

ሌላዋ ትንሽ ደብተር ናት። ጡብ ከላይ ወድቆ ሰው ሳይነካ ሲቀር «እግዚአብሔር አወጣህ» እንላለን። ልክ ነው፤ ተመስገን ማለት ይገባል። ግን እዚያ ላይ እናቆማለን። ጡቡ ለምን ወደቀ? ነገም ይወድቃል ወይ? ጋሼ ለጥቂት የተረፈውን ሁሉ ያችን ደብተር ላይ ያስጽፋሉ። ጸሐፊው እኔ ነበርኩ። ማን እንዳጠፋ አይጻፍም። ምን እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት፣ የት እንደሆነ ብቻ ነው። በሦስተኛው ወር ገጾቹን ሳገላብጥ አብዛኛው ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት መሀል መሆኑን አየሁ። ምሳ በ6 ሰዓት ነበር፤ ከዚያ እስከ ማታ እረፍት የለም። 9 ሰዓት ላይ የሩብ ሰዓት የሻይ እረፍት ተጨመረ። ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ አልወደዱትም። የሳምንቱ ሥራ መጠን እንዳልቀነሰ ሲያዩ ዝም አሉ፤ እረፍቱም ቀጠለ።

ስለ ፎርማኖች አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልፈልግም። ብዙዎቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም። እነሱም ከላይ ይጮኽባቸዋል። ጠዋት ማንም ሳይመጣ ደርሰው ማታ ሁሉም ከሄደ በኋላ ነው የሚወጡት። ደክሟቸው ነው የሚጮኹት። ሰውን ስለ መምራት አንድ ቀን እንኳ ሠልጥነው የማያውቁ አሉ፤ ጥሩ ግንበኛ ስለነበሩ ነው ፎርማን የሆኑት። መሥሪያ ቤቶች ለዌልነስ የመደቡት ገንዘብ ጥቂት ከሆነ፣ ሁሉንም በጥቂቱ ከመበተን ፎርማኑና የክፍል ኃላፊው ላይ ቢያውሉት እመርጣለሁ። አንድ ፎርማን የሠላሳ ሰው ቀን ያሳምራል፤ ያበላሻልም። በባንክም ያው ነው። ጓደኛዬ ቅርንጫፏ ላይ አዲስ ኃላፊ ሲመጣና ጉድለት ሲገኝ ከመጮህ አብሮ ቁጭ ብሎ መቁጠር ሲጀምር እጇ መንቀጥቀጡን እንዳቆመ ነግራኛለች። ወንበሩ ገና አልተቀየረም።

ያ የወደቀው ልጅ አሁን አንድ ሕንፃ ላይ በጥበቃ ሠራተኛነት ይሠራል። ያነክሳል። አናጢነቱን ይወደው ነበር። እጁም ጥሩ ነበር።

ባለፈው ሳምንት በካዛንቺስ በኩል ሳልፍ አዲስ የሚሠራ ሕንፃ አጥር ከፈት ብሎ አየሁ። ልማድ ሆኖብኝ ቆም ብዬ ወደ ውስጥ ተመለከትኩ። መወጣጫው ብረት ነው፤ ጠርዙ ላይ መከላከያ አለው። ከአጥሩ ጥግ ሁለት መጸዳጃ ቤት ቆሟል፤ አንደኛው በር ላይ በነጭ ቀለም «ሴቶች» ተብሎ ተጽፏል፤ መቀርቀሪያም አለው። ሁለት ሴቶች ባሬላቸውን መሬት አስቀምጠው ወደ በርሜሉ ሄዱ። አንደኛዋ ኩባያውን ሞላችና ጠጣች። ደግማ ቀዳች። ያንንም ጨርሳ ለጓደኛዋ አቀበለቻት።